ፋሻ፣ መርፌና ፈቃድ፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሴቶች የተደረገው የጦርነት ጊዜ ርዳታ ታሪክ

ስለ በጎ አድራጎት ሥራ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቈጠረው የተሰጠው ነገር ነው፤ ስንት ኩንታል እህል፣ ስንት ብርድ ልብስ፣ ስንት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት እየተባለ ይዘረዘራል። ሰጪው ፈቃዱን ከማን እንዳገኘ፣ ፈቃዱም ምን ፈቅዶ ምን እንዳስቀረ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ነው። በአዳማ፣ እንዲሁም ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ ላይ ባሉት በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)ና በሻሸመኔ አካባቢ፣ ጦርነት ወይም ግጭት ባለፈ ቁጥር ርዳታ መጥቷል። ርዳታውም ለሴቶች ፋሻ፣ መርፌና ክር፣ ኋላም ደብተርና ብድር ይዞ መጥቷል። ሴቲቱ የደረሰባትን በደል በአደባባይ የምትናገርበትና ዳኛ ፊት የምትቆምበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ከበር ውጭ ቀርቷል። ለዚህ ምክንያቱ የሰጪዎች ልብ መጥበብ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት ሕጉ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ስም አጠራር አንድ ነገር ላስታውስ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ትባል የነበረችው ከተማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞ ስሟን መልሳ ስለ ያዘች፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አዳማ እላታለሁ። ዘመኑም ሁሉ የተጻፈው እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ወደ ድርጅቶቹ ከመሄዴ በፊት ስለ ሲንቄ መናገር ይገባኛል፤ ያለዚያ ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው በጎ አድራጊ ይጠብቁ የነበረ ይመስላል። ሲንቄ በአርሲ፣ በቱለማ፣ በከረዩ፣ በጉጂና በሌሎችም የኦሮሞ ነገዶች ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ከብት አይነዳባትም፤ ሰውም አይመታባትም። ባል ሚስቱን ያለ አግባብ የመታ ወይም ያዋረደ እንደ ሆነ ሴቲቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰሙ የአካባቢው ሴቶች የያዙትን ሥራ ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ከቤታቸውም ርቀው በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ላም የሚያልብ፣ እሳት የሚያነድ፣ ሕፃን የሚያባብል ይጠፋል። ሽማግሎች መጥተው ነገሩን መርምረው አጥፊውን ካላስካሱ በቀር አይመለሱም። ሁለት ወገኖች ለጦር በተፋጠጡ ጊዜም ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ ያን አልፎ መዋጋት ነውር ነው።

እርግጥ ነው ሲንቄ ሁሉን አልፈወሰችም፤ መሬትና ከብት በወንዶች እጅ ነበር፤ ጠለፋንም አላስቀረችም። ይሁን እንጂ ዛሬ በድርጅቶች ቋንቋ «የሴቶች መብት» እና «የግጭት አፈታት» ተብለው በሁለት መዝገብ የሚጻፉት ሥራዎች በዚህች በትር ላይ አንድ ነበሩ። ለዚህም ከማንም ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አልተጠየቀም። አንባቢ ይህን እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዘመናዊ መልክ የተቋቋመው የሴቶች ማኅበር የተወለደው በአዲስ አበባ ነው፤ አዋላጁም ጦርነት ነው። የኢጣልያ ወረራ በተቃረበ ጊዜ በእቴጌ መነን ጠባቂነት ሴቶች ለበጎ አድራጎት ተሰበሰቡ፤ በሥራው ግንባር ቀደም ከነበሩትም አንዷ ልዕልት ፀሐይ ናቸው። የከተማይቱ ወይዛዝርትና የአንዳንድ የውጭ አገር መልእክተኞች ባለቤቶች በአንድነት ተቀምጠው ፋሻ ያዘጋጁ፣ ለወታደር ልብስ ይሰፉ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጠላት በሰሜን ግንባር የመርዝ ጢስ ባዘነበ ጊዜ ደግሞ ከጨርቅ የፊት መሸፈኛ እየሰፉ ላኩ። ይህን የጨርቅ ከረጢት የሚያስብ ሰው ልቡ ይነካል፤ የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን የሚያቃጥል ስለ ሆነ ፊትን መሸፈን ብቻውን አያድንም ነበርና።

በዚያው ጦርነት ሌላ ዓይነት ሴት ደግሞ እናያለን። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊስ አገር ተምረው የተመለሱ፣ በምዕራብ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የነበሩ፣ በጠላት እጅ ከወደቁ በኋላም ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙ ናቸው። ከነጻነት በኋላ በደሴ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ቀጥሎም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኀላፊ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ከጦር ሜዳ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤትም ወደ ምክር ቤት የሄደ እንዲህ ያለ ሕይወት በዘመኑ ብርቅ ነበር። የበጎ አድራጎቱ ማኅበር ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ከነጻነት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ማሳደጊያ፣ ለሴቶችም የእጅ ሥራ ማስተማሪያ ከፈተ። ጠባቂው ቤተ መንግሥት ስለ ነበረ ማንም ሥራውን አላሰናከለበትም፤ እርሱም ስለ ጋብቻ ሕግ ወይም ስለ ውርስ ከመንግሥት ጋር የሚያከራክር ነገር ለማንሣት የተቋቋመ አልነበረም። ስፌትን ለመናቅ አይደለም ይህን የምለው። ባልዋ በጦርነት ለሞተባት ሴት በገዛ እጅዋ የምታገኘው ገንዘብ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ አዳማ ስንመለስ፣ የከተማይቱ ዋና የጦርነት ጊዜ ርዳታ መታሰቢያ ሆስፒታልዋ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ሜኖናይት የተባሉ ክርስቲያኖች የጦር መሣሪያ አለማንሣትን የሃይማኖታቸው ሕግ ያደረጉ ናቸው፤ ስለዚህም ጦርነት የጎዳቸውን አገሮች መርዳትን እንደ ግዴታ ይቈጥሩታል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የርዳታ ሠራተኞቻቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በአዳማ ከኢጣልያኖች የቀረ የጥጥ መዳመጫ ቤት ተሰጣቸውና አድሰው ሆስፒታል አደረጉት። ስሙም በሸዋ ለአርበኝነት ቀድመው ከተነሡት አንዱ ለነበረውና በ1930 ዓ.ም. ለወደቀው ለኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆነ። ጠመንጃ የማይነኩ ሰዎች በአንድ ታላቅ ተዋጊ ስም ሆስፒታል ማቆማቸው የታሪክ ጨዋታ ነው። ሆስፒታሉ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ሆኗል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች በአዳማ ያሻቸውን ሊሠሩ አይችሉም ነበር። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ሥራ የወጣው ድንጋጌ አገሩን በሁለት ከፍሎት ነበር። በ«ክፍት» ቦታዎች ሚሲዮን ሃይማኖቱን ጭምር ማስተማር ይችላል፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባለችበት ቦታ ግን ሆስፒታልና የሃይማኖት ልዩነት የማያስተምር ትምህርት ቤት ከማቆም አያልፍም። አዳማ የምትቈጠረው በኋለኛው ወገን ነበር። የማስተማሪያውም ቋንቋ በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን ድንጋጌው ያዛል፤ የአካባቢው ቋንቋ የሚፈቀደው ተማሪውና መምህሩ አማርኛ እስኪለምዱ ድረስ ብቻ ነበር። የድንጋጌው አሳብ ከዘመኑ አንጻር ሲታይ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጠላት አገዛዝ ገና የወጣ መንግሥት የውጭ ሰው በሕዝቡ መካከል ሌላ መለያየት እንዳያመጣበት መፍራቱ አያስወቅሰውም። ውጤቱ ግን ሁለት ነበር።

የመጀመሪያው መልካም ነው። በቃል መስበክ ያልተፈቀደላቸው ሰዎች በእጅ ማስተማር ጀመሩ። በሆስፒታሉ ለድሬሰርነት የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ሁለተኛ ደረጃ የሆነ አዳሪ ትምህርት ቤት ተጨመረበት። ዛሬ ድሬሰር የሚለው ቃል ከአፍ እየጠፋ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ ወባን በኪኒን የሚያክመው እርሱ ነበር፤ ሐኪም በማይገኝበት ገጠርም ሕዝቡ እርሱን ራሱን «ሐኪም» ይለው ነበር። ርዳታው የመጣው ለጦርነት ቁስል ነበር፤ የጦርነቱ ቁስል ከጠገገ በኋላም ሙያው ቀረ። የርዳታን ዋጋ በሌላ መለኪያ ከመለካት ይልቅ በዚህ ብንለካው የተሻለ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ውጤት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በአዳማ ዙሪያ ያለው ገጠር ኦሮምኛ የሚናገር ነው። ወንድ ልጅ ወደ ገበያና ወደ ባቡር ጣቢያ እየተመላለሰ አማርኛ ይለምዳል። ሴት ልጅ ግን ከጓዳና ከውኃ መንገድ የማትወጣ ስትሆን ቋንቋው ለእርስዋ ሁለተኛ በር ሆነባት። ትምህርት ቤቱ ሩቅ መሆኑ አንድ፣ አባትዋ አለመፍቀዱ ሁለት፣ ከገባችም በኋላ መምህሩ የሚለውን አለመስማትዋ ሦስት። ድንጋጌው ሴትን የሚጠቅስ አንቀጽ ባይኖረውም በሴት ላይ የከበደው በዚህ መንገድ ነው።

የ1966ቱ አብዮት ይህን ሁሉ ገለበጠው። ሆስፒታሉ በመንግሥት እጅ ገባ፤ በ1974 ዓ.ም.ም አዳሪ ትምህርት ቤቱ ተወረሰ። የበጎ አድራጎት ማኅበራት ቦታ በመንግሥት በተደራጁ ማኅበራት ተያዘ፤ በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በየቀበሌው ወረደ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርቱን በኦሮምኛ ጭምር ስለ ሰጠ፣ ከላይ ያነሣሁትን የቋንቋ በር ለብዙ እናቶች ከፍቷል፤ ይህን ለደርግ መመስከር ይገባል። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የ1969ና የ1970 ዓ.ም. ጦርነት ላሳጣቸው ልጆች ደግሞ ከቡልቡላ በስተ ምዕራብ በአላጌ የሕፃናት አምባ ተሠራ። በዚያ ያደጉ ልጆች ከየብሔረ ሰቡ የመጡ ነበሩ፤ ወንዱም ሴቱም በአንድ ጠረጴዛ በልቶ በአንድ ክፍል ተማረ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አምባው ፈረሰ፤ ቦታውም ኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆነ። በዚህ ዘመን ፈቃድ የሚጠይቅም የሚሰጥም አንድ ሰው ስለ ነበረ፣ ሴቶች ከመንግሥት ማኅበር ውጭ የሚናገሩበት ስፍራ አልነበረም።

ያ ስፍራ የተገኘው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሴት የሕግ ባለሙያዎች ተሰብስበው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅም ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ማኅበሩ ጠበቃ ለመክፈል የማይችሉ ሴቶችን በነጻ ያማክርና በፍርድ ቤት ይከራከርላቸው ነበር፤ ከቅርንጫፎቹም አንዱ በአዳማ ነበር። ከያዛቸው ነገሮች ሁሉ የታወቀው ከዚሁ ከአርሲ ምድር የመጣው ነው። በ1988 ዓ.ም. አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። የማኅበሩ ጠበቆች ራስዋን መከላከልዋ ነው ብለው ተከራከሩላት፤ ፍርድ ቤቱም ነጻ አወጣት። በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚድንበትን መንገድ የሚሰጥ ነበር። ይህ አንቀጽ በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ቀረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በእነዚህ ለውጦች ሁሉ የማኅበሩ ጕትጎታ ነበረበት።

እዚህ ላይ ነገሩ እንደገና ወደ ፈቃድ ይመለሳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በተወሰኑ መስኮች እንዳይሠራ ከለከለ። ከእነዚህም መካከል የሰብአዊና የዴሞክራሲ መብቶች፣ የጾታ እኩልነት፣ የሕፃናት መብት፣ የግጭት አፈታትና ዕርቅ ይገኙበታል። እህል ማደል፣ ጕድጓድ መቈፈር፣ የስፌት መኪና መስጠት፣ ማስተማርና ማከም የተፈቀደ ነው። የ1936ቱንና የ2001ዱን ሕግ ጎን ለጎን አኑሮ የሚያነብ ሰው የአጻጻፋቸው መንፈስ አንድ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱም የባዕድ ሰው እጅ ይግባ፣ አፉ ግን በውጭ ይቆይ ይላሉ። ልዩነታቸው ይህ ነው። በ1936ቱ ጊዜ በውጭ የቀረው የባዕዱ የራሱ አፍ ነበር፤ በ2001 ግን በውጭ ገንዘብ የሚሠራ እስከ ሆነ ድረስ የአገሩ ሴቶች አፍ አብሮ ቀረ። ድሀ በሆነ አገር ለሴቶች ጠበቃ የሚከፍል ባለጸጋ ከየት እንደሚመጣ የአዋጁ ደጋፊዎች አልነገሩንም።

የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር የባንክ ሒሳብ በ2002 ዓ.ም. ታገደ፤ ማኅበሩም ብዙ ሠራተኞቹን አሰናበተ። በኋላ በስምምነት ከአውሮፓ ኅብረት የሚመጣ አንድ የገንዘብ ምንጭ «እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ» እንዲቈጠር ተፈቀደና በጥቂቱ ተነፈሰ። በልማት ስም የተመዘገቡትም ቢሆኑ በሌላ በኩል ተጨንቀው ነበር። አዋጁ ከመቶ 70 የሚሆነው ወጪ በቀጥታ ለዓላማው እንዲውል ያዛል፤ ይህ በራሱ መልካም ነው። ዳሩ ግን በ2003 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ለሥልጠና የሚወጣውን አበል፣ መጓጓዣውንና ክትትሉን በብዛት ከአስተዳደር ወጪ ጻፈው። ስለዚህ በመቂ ገጠር ሴቶችን ሰብስቦ ማስተማር በመዝገብ ላይ ብክነት፣ የስፌት መኪና ገዝቶ ማደል ግን ሥራ ሆኖ ይታይ ነበር። ርዳታው ከመቶ ዓመት እኩሌታ በላይ ተጕዞ ወደ መርፌና ክር የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ዋጋ የታየው በአዳማ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። ከሶማሌ ክልል ከተሞች የተባረሩት ቤተ ሰቦች በከፊል ወደ አዳማና ወደ ሌሎች የሸዋ ከተሞች መጥተው እንዲሰፍሩ ተደረገ። ብዙዎቹ በንግድ የኖሩ የከተማ ሰዎች ስለ ነበሩ እርሻ ስጡን አላሉም። ሕዝቡ ያደረገው ነገር የሚያስመሰግን ነው፤ እህልና ልብስ በየሰፈሩ ተዋጣ፤ የመኖሪያ ቦታ ተሰጠ። ለሴቶቹ ግን ከብርድ ልብስ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነበራቸው። ሱቅዋን ጥላ የመጣች ሴት የንግድ ፈቃድዋና የቤት ካርታዋ በባልዋ ስም ከሆነ፣ ባልዋም ከሞተ ወይም ከጠፋ፣ ንብረቱን በምን ማስረጃ ትጠይቃለች? የተደፈረች ሴት ወንጀሉ በሌላ ክልል የተፈጸመ ሲሆን ክስዋን የምታቀርበው ለየትኛው ፖሊስ ነው? ልጅዋ የተማረው በሶማልኛ ከሆነ፣ በአዳማ በኦሮምኛ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ከስንተኛ ክፍል ይቀበለዋል? ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሦስተኛውን ብቻ በውጭ ገንዘብ የሚሠራ ድርጅት ሊይዘው ይችል ነበር። ሁለቱ የጠበቃ ሥራ ናቸው፤ ያ ሥራ ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአዋጅ ተቋርጧል።

ሲንቄን ያነሣሁት ለዚህ ነው። ሁለት ጎረቤት ሕዝቦች በተጋጩበት ዓመት የሴቶችን በደልና ዕርቅን አንድ አድርጎ የሚይዝ ሥራ ቢፈለግ፣ የአገሩ ባህል ያውቀው ነበር፤ የአገሩ ሕግ ግን ሁለቱንም በአንድ አንቀጽ ሥር አስቀምጦ በብዙ ድርጅቶች ላይ ዘግቷቸው ነበር። ስሙ ብቻ አልቀረም። የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ገደማ ወደ ባንክነት ሲለወጥ «ሲንቄ ባንክ» ተባለ። ለሴቶች ብድር መስጠትን የሚነቅፍ የለም፤ በዛፍ ሥር ተቀምጠው ሽማግሎችን ያስጠሩ የነበሩት ሴቶች ግን ይፈልጉ የነበረው ካሣ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ የ2001ዱን ሻረ። የገንዘብ ምንጭን መሠረት ያደረገው ክልከላ ተነሣ፤ በሴቶች መብትና በዕርቅ ላይ መሥራት ለአገር ውስጥ ድርጅት ሁሉ ተፈቀደ። ይሁን እንጂ አሥር ዓመት ሥራው የተቋረጠበት ማኅበር በአንድ ዓመት አይነሣም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔና በባቱ ሰዎች ሲገደሉ፣ ቤትና ሱቅ ሲቃጠል፣ ቀድሞ የደረሰው እንደ ወትሮው ብርድ ልብስና ዱቄት ነበር። በ2017 ዓ.ም.ም በመብት ላይ የሚሠሩ አንዳንድ የአገር ውስጥ ድርጅቶች በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለ ሥልጣን ትእዛዝ ለጥቂት ወራት ሥራቸው ታግዶ ነበር። ከታገዱት መካከል የስፌት መኪና በማደል የሚታወቅ አልነበረም።